የሐዲዱ ስፋትና የእውነት ልክ

አንድን ታላቅ ነገር አሳንሶ የሚሠራ ሰው ለዚያ ነገር ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ከጭቃ ጎጆ እየሠራ የሚጫወተውን ሕፃን «ጎጆህ እውነተኛውን ይመስላልን?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሕፃኑ የሚፈልገው ጨዋታ ነውና። ነገር ግን ሠሪው ጎልማሳ ሰው፣ የሚሠራውም ነገር ከምድር ገጽ የጠፋ፣ ሥራውን የሚመለከተውም ትውልድ ዋናውን ያላየ በሚሆንበት ጊዜ ጥያቄው ጠባዩን ይለውጣል። ጨዋታው ሳይታወቅ ምስክርነት ይሆናል። ምስክር ደግሞ እውነቱንም ሊናገር፣ በሐሰትም ሊመሰክር ይችላል።

ይህን ጥያቄ በባዶ ሜዳ ከማንሣት ይልቅ በአንድ በታወቀ ሥራ ላይ አቁሞ መመርመር ይሻላል። የአየርላንድን ባቡሮች አምሳያ የሚሠሩ ሰዎች በአየርላንድና በብሪታንያ አሉ። የቀን ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ በሰገነት ላይ ወይም በጓሮ ክፍል ተቀምጠው በሞረድ፣ በወረንጦና በካውያ የሚደክሙ ናቸው። ሎኮሞቲቩን ከነሐስ ቆርቆሮ ቆርጠው ይበይዳሉ፤ ፉርጎውን እያንዳንዱን ጣውላ እየቆጠሩ ይገጣጥማሉ፤ ጣቢያውን፣ ድልድዩን፣ የምልክት ማማውን፣ የድንጋይ አጥሩን፣ ሣሩን ሳይቀር በጠረጴዛ ላይ ያሰፍራሉ። ብዙዎቹ የሚከተሉት ልክ የአንድ ጫማን ርዝመት ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ሲሆን፣ ይህም እውነተኛውን ነገር 76 ጊዜ ያህል ያሳንሰዋል። በዚህ ልክ አንድ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው 23 ሚሊ ሜትር ይሆናል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ሰዎች ገና ሥራቸውን ሲጀምሩ አንድ ችግር ይገጥማቸዋል፤ ችግሩም ከአገሪቱ ታሪክ የመጣ ነው። የአየርላንድ የመጀመሪያው የባቡር መስመር በ1834 ከደብሊን ወደ ኪንግስታውን ሲከፈት በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት እንደ እንግሊዙ 4 ጫማ ከ8 ኢንች ተኩል ነበር። በሰሜን በኩል ደግሞ የአልስተር ኩባንያ በ1839 ከቤልፋስት ወደ ሊዝበርን የከፈተው መስመር 6 ጫማ ከ2 ኢንች ሆነ። ሌላው ኩባንያም የራሱን ሌላ ልክ አሰበ። አንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ ሊሄድ የማይችልበት ሁኔታ እየመጣ መሆኑ በመታየቱ፣ የመንግሥቱ የባቡር ተቆጣጣሪ የነበረው ሜጀር ጄኔራል ፓስሊ በ1843 አንድ አስታራቂ ልክ አቀረበ፤ 5 ጫማ ከ3 ኢንች። በ1846 የወጣው ሕግም ይህንኑ አጸና። እንግዲህ የአየርላንድ ሐዲድ ከእንግሊዙ ሐዲድ ስድስት ኢንች ተኩል ሰፍቶ ቀረ።

በ4 ሚሊ ሜትር ልክ ሲሰላ ይህ ስፋት 21 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በየመደብሩ የሚሸጠው የአምሳያ ሐዲድ ግን 16.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አየርላንዳዊውን ባቡር በዚህ ሐዲድ ላይ የሚያቆም ሰው፣ በእውነተኛው ልክ ቢቆጠር፣ ከአገሪቱ ሐዲድ ላይ 13 ኢንች ተኩል ቆርጦ ጥሏል ማለት ነው። በሌላው በኩል፣ ሐዲዱን በትክክለኛው 21 ሚሊ ሜትር ሊዘረጋ የቆረጠ ሰው ከመደብር የሚገዛው ነገር እምብዛም የለም። አግዳሚዎቹን እያንዳንዳቸውን ራሱ ይደረድራል፤ የሐዲዱን መገንጠያ በእጁ ይሠራል፤ የእያንዳንዱን ሎኮሞቲቭና የእያንዳንዱን ፉርጎ መንኮራኩርና ዘንግ ያሰፋል። አንዱ በአንድ ወር የሚጨርሰውን ሌላው በዓመትም ላይጨርሰው ይችላል።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ወገኖች ይታያሉ። የፊተኛው ወገን «ዓይን የማያየውን ልዩነት እጅ ለምን ይደክምበታል? ባቡሩ ቀለሙ ትክክል፣ ቅርጹ ትክክል ከሆነ ይበቃል» ይላል። የኋለኛው ወገን ደግሞ «ሐዲዱ ከጠበበ ባቡሩ የአየርላንድን ቀለም የተቀባ የሌላ አገር ባቡር ነው» ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። የመጀመሪያው የሰው ዕድሜ አጭር መሆኑንና አንዱን ነገር ለመጨረስ ሌላውን መተው ግድ መሆኑን ያውቃል። ሁለተኛው ደግሞ ትንሽ የምትመስል ሐሰት በሥራው መሠረት ላይ ከተጋደመች በላይዋ የሚሠራው ሁሉ እርሷን ተሸክሞ እንደሚሄድ ያውቃል።

ይሁንና ሁለቱም ወገኖች የእውነትን ልክ በሚሊ ሜትር ብቻ የሚፈልጉ ከሆነ ከአንድ ወጥመድ አያመልጡም። ሐዲዱ እንዲሰፋ ያደረገው የብረቱ ጠባይ አይደለም። ኩባንያዎች እየተፎካከሩ፣ እያንዳንዱ የራሱን ጥቅም እያሰበ፣ በመጨረሻም መንግሥት ጣልቃ ገብቶ የተደረሰበት ውሳኔ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው 16.5 ሚሊ ሜትር ቢዘረጋ እንኳ ምን እንደቆረጠ ያውቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን 21 ሚሊ ሜትር ቢዘረጋም ቁጥር ቀዳ እንጂ አገር አልሠራም። ልክን መጠበቅ የእውነት ደጃፍ ነው፤ ቤቱ ግን ከደጃፉ ወዲያ ነው።

ነገሩ የጨዋታን ወሰን አልፎ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነው ለምንድን ነው? መልሱ በዋናዎቹ ባቡሮች ዕጣ ላይ ይገኛል። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የአየርላንድ ሐዲዶች በፍጥነት ተመናመኑ። ደብሊንንና ቤልፋስትን ያገናኝ የነበረው ታላቁ የሰሜን ባቡር ኩባንያ በ1953 በሁለቱ መንግሥታት እጅ ገባ፤ በ1957 ድንበር ተሻጋሪ መስመሮቹ በብዛት ተዘጉ፤ በ1958 ኩባንያው ራሱ ፈርሶ ንብረቱ ለሁለት ተከፈለ። የካውንቲ ዶኒጎል ጠባብ ሐዲድ በ1959 መጨረሻ፣ የዌስት ክሌር ሐዲድ በ1961 መጀመሪያ ተዘጋ። ሐዲዱ ተነቀለ፤ ብረቱ ተሸጠ፤ ጣቢያው መኖሪያ ቤት ሆነ ወይም ፈረሰ። በዚያ መስመር ላይ ተሳፍሮ የሄደ ሰው ቁጥርም በየዓመቱ እየቀነሰ ሄደ።

በደብሊን የኢንቺኮር የባቡር ፋብሪካ ንድፍ ሠሪ የነበረው ሲረል ፍራይ የባቡር አምሳያዎችን መሥራት የጀመረው ይህ ሁሉ ሳይሆን ነው። ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ በቤቱ ሰገነት ላይ ሎኮሞቲቮችን፣ ሠረገላዎችንና ፉርጎዎችን ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ዋናዎቹ ገና በሐዲድ ላይ ስለነበሩ አምሳያውን ከዋናው ጋር ማስተያየት የፈለገ ሰው ጣቢያ ድረስ ቢሄድ ይበቃው ነበር። ፍራይ በ1972 ሞተ። ሥራዎቹ ግን ከ1988 እስከ 2010 በማላሃይድ ቤተ መንግሥት ለሕዝብ ይታዩ ነበር፤ ከ2020 ጀምሮም በዚያችው ከተማ በአንድ ቤተ መዘክር ይታያሉ። በሰገነት ላይ የተጀመረው የአንድ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ በተማሪዎች ፊት የታሪክ ማስረጃ ሆነ። ሕፃኑ መስተዋቱን አሻግሮ ሲያይ «ባቡሩ እንዲህ ነበር» ይባላል። አምሳያው የተሳሳተ ቢሆን ኖሮ ሊያርመው የሚችለው ዋናው ዛሬ የለም። የትርፍ ጊዜ ሥራ ሕዝባዊ አደራ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ አደራውን የተቀበለው ሰው መቀበሉን ሳያውቅ እንኳ።

ታዲያ አደራውን የሚጠብቅ ጥቃቅን ነገር ምን ይመስላል? በመንገደኛ ሠረገላ ጫፍ ላይ ወደ ታች የተንጠለጠለች አንዲት ቧንቧ አለች። በአምሳያው ላይ ከቀጭን ሽቦ የማትበልጥ ስለሆነች ብዙ ሠሪዎች ይተዉአታል። ይህች ቧንቧ የፍሬን ቧንቧ ናት። ሰኔ 12 ቀን 1889 በአርማህ ከተማ አጠገብ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችንና ወላጆቻቸውን ለሽርሽር የጫነ ባቡር ዳገት መውጣት አቃተው። ሠራተኞቹ ባቡሩን ለሁለት ከፍለው የፊተኛውን ክፍል አስቀድመው ሊወስዱ ሲሞክሩ የኋለኛው ክፍል ቁልቁል ተንደረደረ፤ ከኋላ ይመጣ ከነበረው ባቡርም ጋር ተጋጨ። 80 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ብዙ ሕፃናት ነበሩ። በዚያ ባቡር ላይ የነበረው ፍሬን ሠረገላዎቹ ሲለያዩ ኃይሉን የሚያጣ ዓይነት ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ፣ ሠረገላ ከሠረገላ ቢለያይ በራሱ የሚይዝ ፍሬን በመንገደኛ ባቡር ሁሉ ላይ እንዲኖር አስገደደ።

ቅኔ ለሚያውቅ አንባቢ ቧንቧዋ ሰሙ ናት፤ ወርቁ ግን በአርማህ ዳገት ላይ የቀሩት ሰዎች ናቸው። ሽቦዋን በወረንጦ ይዞ የሚያጣብቀው ሠሪ ታሪኩን ካወቀ እጁ የሚሠራው ሌላ ሥራ ይሆናል። ካላወቀ ግን ቧንቧዋ ጌጥ ናት። ከውጭ ሲታይ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም ይባል ይሆናል። ልዩነቱ የሚታየው የሠሪው ልጅ «ይህች ምንድን ናት?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ነው። አንደኛው አባት «እንዲሁ ናት» ይላል፤ ሁለተኛው ተቀምጦ ይተርካል። ጥቃቅኑን ነገር በትክክል ማስቀመጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የሚጠይቅ ሰው እንዲኖር ያደርጋል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ። ማንኛውም የባቡር አምሳያ ሠሪ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ዓመት መምረጥ አለበት። የሎኮሞቲቩ ቀለም፣ የጣቢያው ሰሌዳ፣ የሰዎቹ ልብስ ሁሉ በዓመቱ ይወሰናልና። ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ዓመት ባቡሩ አብረቅራቂ፣ ሰማዩም ብሩህ የሆነበት ነው። ቀለሙ ያማረበት ዓመት ግን ለሰው ሁሉ ያማረ ዓመት ነበርን?

በምዕራብ አየርላንድ ከዌስትፖርት ወደ አኪል የሚወስደው መስመር ለአምሳያ ሠሪ የተመቸ ይመስላል። አጭር ነው፤ ተራራና ባሕር አብረውት ይሄዳሉ፤ ጣቢያዎቹ ጥቂት ናቸው። ነገር ግን አኪል የድሆች አገር ነበረች። ወጣቶቿ በየዓመቱ ድንች ለመልቀም ወደ ስኮትላንድ ይሄዱ ነበር። በሰኔ 1894 ከመቶ በላይ የሚሆኑ ሰዎችን የጫነች የሸራ ጀልባ፣ በዌስትፖርት ወደሚጠብቃቸው መርከብ ስትወስዳቸው በክሉ ቤይ ባሕረ ሰላጤ ተገለበጠችና 32 ሰዎች ሰጠሙ። መስመሩ ገና በይፋ አልተከፈተም ነበር፤ ሆኖም ወደ አኪል የሄደው የመጀመሪያው ባቡር አስከሬናቸውን የጫነ ሆነ። ከ43 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1937፣ ስኮትላንድ ውስጥ በኪርኪንቲሎክ ከተማ ድንች ለቃሚዎች በሚያድሩበት ቤት እሳት ተነሥቶ ከ13 እስከ 23 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 10 የአኪል ልጆች ተቃጥለው ሞቱ። መስመሩ ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አስከሬናቸውን ያመጣው ባቡር ነበር። የመጀመሪያው ጉዞ፣ ከመጨረሻዎቹም ጉዞዎች አንዱ፣ የሬሳ ጉዞ ሆነ።

በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ በእሳትና በጢስ የሚሄድ የብረት ሠረገላ በመጀመሪያና በመጨረሻ ጉዞው ሬሳ ይጭናል ተብሎ አስቀድሞ ተተንብዮ ነበር የሚል ትረካ አለ። ትረካው ልብ ይነካል፤ ምክንያቱን ግን ይሸፍናል። ሁለቱን ቀናት ያገናኛቸው ትንቢት ሳይሆን ድህነት ነው። በ1894 እንጀራ ፍለጋ የተሰደደው ትውልድ የልጅ ልጅ በ1937 በዚያው መንገድ፣ ለዚያው ድንች፣ ወደዚያው አገር ተሰደደ። በመካከሉ ባቡር መጣ፤ ባቡር ሄደ። ባቡሩ ስደቱን አፈጠነው እንጂ አላስቀረውም። ዛሬ ያ መስመር የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኖ ጎብኚዎች ይመላለሱበታል።

እንግዲህ የአኪልን መስመር በጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሰው የሬሳ ሣጥኖቹን ያስቀምጥ ወይስ አያስቀምጥ? «እውነት ከሆነ ያስቀምጥ» ብሎ መፍረድ ይቀላል። ነገር ግን ማሳነስ የራሱ ጠባይ አለው። ትንሽ የሆነ ነገር ሁሉ ያሳሳል፤ በእጅ ይያዛል፤ በፈለጉት ጊዜ ይነሣል፤ በፈለጉት ጊዜ ይጣላል። 23 ሚሊ ሜትር የሆነ ሣጥን ሐዘንን አያሳይም፤ ሐዘንን መጫወቻ ያደርጋል። የሟች እናት ወይም እኅት ብታየው ምን ይሰማታል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሣጥኑን አለማስቀመጥ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ አክብሮት ነው።

ሣጥኑን መተው ግን ሰዎቹን መተው አይደለም። ሠሪው ከ1937 ቀደም ያለ አንድ የበጋ ወራት መርጦ፣ በመሳፈሪያው ላይ ጥቅል የያዙ ወጣቶችን፣ ከእነርሱም ጥቂት ራቅ ብለው የቆሙ ሽማግሌዎችን ሊያቆም ይችላል። ማንም አልሞተም፤ ማንም አላለቀሰም። የሚያየው ሰው ግን «እነዚህ ልጆች ወዴት ይሄዳሉ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሥራው የሚፈለግበትን ያደረገው ያን ጊዜ ነው። ተራራውና ባሕሩ ብቻ ያማሩበት፣ መሳፈሪያው ባዶ የሆነበት የአኪል አምሳያ ግን፣ ሚሊ ሜትሩ ቢሰምርም፣ ከዚያ አገር ሕዝብ ላይ ከ13 ኢንች ተኩል የሚበልጥ ነገር ቆርጧል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ምሳሌም አለ። የአምሳያ ባቡር ደስታው መሄዱ ነው ይባላል። ነገር ግን ከግንቦት እስከ ታኅሣሥ 1920 የአየርላንድ የባቡር ሠራተኞች የእንግሊዝን ጦር መሣሪያና የታጠቀ ወታደር የጫነ ባቡር አንነዳም ብለው ነበር። ወታደሮች ሲሳፈሩ ነጂው ባቡሩን አያንቀሳቅስም፤ እሳት አንዳጁም አካፋውን ያስቀምጣል። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ከሥራ ተባረሩ። ያን ዓመት የሚመርጥ ሠሪ ሎኮሞቲቩን በጣቢያው ውስጥ ቢያቆመውና ነጂውን አጠገቡ ቢያሳርፈው ስለዚያ ዘመን ከሚናገረው ነገር የሚበልጥ የለም። የቆመ ባቡር በዚያ ስፍራ ከሚሄደው ይልቅ እውነተኛ ነው። ብረቱ ያለ ሰው ፈቃድ እንደማይንቀሳቀስ 23 ሚሊ ሜትር የሆነው ሰው ያሳያልና።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ በሞረዱና በቀለሙ ቢደሰት ምን ዕዳ አለበት? የሰው ልጅ ዕረፍቱን ሁሉ በታሪክ ሸክም መጫን ግፍ አይሆንምን? ተቃውሞው መልስ ይገባዋል። ዕረፍት መብት ነው፤ እጅ ሥራ ሲወጣለት የሚሰማው ደስታም ንጹሕ ደስታ ነው። ከዚህም በላይ በዚህ ሥራ ውስጥ ራሱን የቻለ በጎነት አለ። የአንድን ሎኮሞቲቭ ምስማሮች አንድ በአንድ ቆጥሮ የሚሠራ ሰው፣ በኢንቺኮር ፋብሪካ ዋናዎቹን ምስማሮች የመታውን የማይታወቅ ሠራተኛ ድካም በጣቶቹ ይማራል። ስሙን የሚጠራው ታሪክ የሌለ ያ ሠራተኛ የሚታወስበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው በጠረጴዛው ላይ ባቡር ስላዞረ ሊወቀስ አይገባውም።

ነገር ግን ሠሪው ራሱ «ይህ የአኪል ጣቢያ ነው፤ ዓመቱ 1936 ነው» ብሎ ሰሌዳ የለጠፈ ዕለት ቃል ገብቷል። የቦታ ስምና የዓመት ቁጥር የምስክር መሐላ ናቸው። ስም የሌለው ጣቢያ ሠርቶ ያሻውን ባቡር የሚነዳበት ሰው ማንንም አላታለለም፤ ስሙ የተጻፈበት ጣቢያ ግን በዚያ የቆሙትን ሰዎች ይጠራል። ሐዲዱ ጠቦ ከሆነ ጠቧል ማለት፣ ቤቱ ለቦታ ማነስ ተገፍቶ ከሆነ ተገፍቷል ማለት፣ ሰዎቹ ቀርተው ከሆነ ማን እንደቀረ ማወቅ ያስፈልጋል። ማሳነስ ያለ መተው አይሆንም። የሚተወውን አውቆ የሚተው ሰው ይመርጣል፤ የተወውን የማያውቅ ሰው ግን ይረሳል። መምረጥና መርሳት ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ በሚያስከትሉት ፍሬ ግን ይለያያሉ።

ይህ ነገር የባቡር አምሳያ ሠሪዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ዘመንን በአንድ መድረክ ላይ የሚያሳይ ጸሐፌ ተውኔት፣ መንደርን በአንድ ሸራ ላይ የሚያሰፍር ሠዓሊ፣ የመቶ ዓመት ታሪክን በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር መምህር ሁሉም የሚሠሩት አሳንሰው ነው። ለሁሉም ከመደብር የሚገዛ የተዘጋጀ ሐዲድ አለ፤ ዝግጁ ቃል፣ ዝግጁ ሥዕል፣ ዝግጁ ፍርድ። እርሱን ገዝቶ መዘርጋት ጊዜ ያተርፋል። ይሁንና የእያንዳንዱ አገር ሐዲድ የራሱ ስፋት አለው፤ ስፋቱንም የወሰኑት በዚያ የሄዱ፣ የሠሩ፣ እምቢ ያሉ፣ የሞቱም ሰዎች ናቸው። ልኩን ሊጠብቅ የሚፈልግ አስቀድሞ እነርሱን ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ የሚያነሣው ወረንጦ ይሁን ብዕር፣ እጁ የሚያስቀምጠውን ነገር ለምን እንዳስቀመጠው ያውቃል፤ የተወውንም ለምን እንደተወው መልስ አያጣም።